በሩን ዘይት የቀባችው ተማሪ

(ስለ «ኤጁኬቲንግ ሪታ» ተውኔትና ሥነ ጽሑፍን በተልእኮ ስለ መማር የቀረበ ሂስ)

ቀን ሲያስተምር ውሎ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ጥራዝ ዘርግቶ ራሱ ተማሪ የሚሆን መምህር በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም። ከእነዚህ የተልእኮ ተማሪዎች መካከል ሒሳብ፣ ሕግ ወይም አስተዳደር የሚያጠናውን ሰው ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍን በከፍተኛ ደረጃ አጠናለሁ የሚለውን ግን ሁለት ጥያቄዎች ይከተሉታል። አንደኛው «ምን ይጠቅምሃል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ያለ አስተማሪ እንዴት ይሆናል? ሥነ ጽሑፍ እኮ ተነጋግረው የሚማሩት እንጂ ብቻቸውን ተቀምጠው የሚሸመድዱት አይደለም» የሚል ነው።

በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም በእንግሊዝኛ ቋንቋ ክፍል የምናስተምር አራት ባልደረቦች ነን። ሦስታችን በተልእኮ እንማራለን፤ አራተኛው ጀምረው አቋርጠዋል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በየጊዜው ሲቀርቡልን ቆይተዋል። ስለ ጉዳዩ ስንከራከር ሳለን አንድ ተውኔት እጃችን ገባ። ተውኔቱ እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ዊሊ ረስል የደረሰው «ኤጁኬቲንግ ሪታ» ነው፤ በአማርኛ «ሪታን ማስተማር» ልንለው እንችላለን። ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ከተማ በመድረክ የታየው በ1980 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1983 በፊልም ተሠርቷል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ፊልሙን ነው። እኛ የምንተቸው ግን የመድረኩን ጽሑፍ ነው።

ይህን ሥራ የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ታሪኩ አንዲት ሠራተኛ ሴት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍን በተልእኮ ትምህርት ስትማር ምን እንዳገኘችና ምን እንዳጣች የሚያሳይ ነው። ስለዚህ ስለ ራሳችን ሰው እንደሚወራ ወሬ ጆሯችንን አቁመን ነው ያነበብነው። ብዙ ቦታ ላይ አድንቀነዋል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ተቆጥተናል። ሁለቱንም እንናገራለን።

የሪታ ትምህርት ቤት

ተውኔቱን ለመረዳት አስቀድሞ ሪታ የተመዘገበችበትን ትምህርት ማወቅ ያሻል። በእንግሊዝ አገር በተልእኮ መማር ዱሮም የነበረ ነገር ነው። አይዛክ ፒትማን የተባለ መምህር በ1840 አጭር ጽሕፈትን በፖስታ ማስተማር ጀመረ፤ ተማሪዎች ሥራቸውን ይልኩለታል፣ እሱም አርሞ ይመልስላቸዋል። በ1858 የለንደን ዩኒቨርሲቲ በየትም ቦታ ሆነው ያጠኑ ሰዎች ፈተናውን ካለፉ ዲግሪ እንዲያገኙ ፈቀደ። በ1951 «ኤ ሌቨል» የተባለው የከፍተኛ ደረጃ ፈተና ተጀመረ። ጎረቤታችን ኬንያም እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ ይህን ደረጃ በትምህርት ሥርዓቷ ውስጥ ይዛው ቆይታለች። በ1963 ማይክል ያንግና ብራያን ጃክሰን ካምብሪጅ ላይ ናሽናል ኤክስቴንሽን ኮሌጅን ሲያቋቁሙ ያሰቡት ትምህርት ቤት የመቀመጥ ዕድል ላመለጣቸው ጎልማሶች ነው።

ከዚያ በኋላ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ መጣ። ቻርተሩን ያገኘው በ1969፣ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች የተቀበለው በ1971 ነው። ለመግባት የቀድሞ የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም ነበር። ጥራዙ በፖስታ ይመጣል፤ ትምህርቱ በቢ.ቢ.ሲ. ሬድዮና ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ ተማሪው የጽሑፍ ሥራውን ለአራሚው ይልካል፤ አልፎ አልፎም በአካባቢው ከመምህር ጋር ይገናኛል። በዕረፍት ወራት ደግሞ ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት ተሰብስበው የሚማሩበት ጉባኤ ነበረ። ሪታ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

ደራሲው ዊሊ ረስልም ነገሩን ከሩቅ ሰምቶ የጻፈ አይደለም። በ15 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ የሴቶች ፀጉር ሠሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ኋላ ወደ ትምህርት ተመልሶ መምህር ሆኗል።

ታሪኩ ባጭሩ

በመድረክ ላይ የሚታዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። መቼቱም በሰሜን እንግሊዝ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚገኝ የአንድ መምህር የሥራ ክፍል ብቻ ነው። መምህሩ ፍራንክ ይባላል፤ ግጥም መጻፍ ያቆመ፣ የመጠጥ ጠርሙሱን ከመጻሕፍቱ ጀርባ የሚደብቅ ሰው ነው። የኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመቀበል የተስማማውም የመጠጥ ገንዘብ ለማግኘት ነው። ሪታ የ26 ዓመት ፀጉር ሠሪ ናት። ባሏ ልጅ እንድትወልድለት ይፈልጋል፤ እሷ ግን አስቀድማ ራሷን ማወቅ ትፈልጋለች።

ሪታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ በሩ አልከፈት ይላታል፤ እጀታው ተበላሽቷል። ታግላ ትገባና መምህሩን በሩን አለማሠራቱን በመንቀፍ ትጀምራለች። ለሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ዘይት ይዛ መጥታ እጀታውን ራሷ ትቀባለች። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ይቀጥላል። ባሏ መጻሕፍቷን ያቃጥልባታል፤ ትዳሯ ይፈርሳል። ከጉባኤው ስትመለስ ሌላ ሰው ሆናለች፤ አነጋገሯ ተለውጧል፤ አዲስ ጓደኞች አፍርታለች። ፍራንክ በለውጧ ይከፋል፤ ይጣላሉ። በመጨረሻ እሱ ከመጠጡ የተነሣ ለሁለት ዓመት ወደ አውስትራሊያ እንዲሄድ ይደረጋል፤ እሷም ተሰነባብታ ፀጉሩን ስትቆርጥለት መጋረጃው ይዘጋል።

የሬድዮው መልስ

ከተውኔቱ ውስጥ ለእኛ ለመምህራን ትልቁ ትምህርት ያለው በአንድ የፈተና ጥያቄ ዙሪያ ነው። ሪታ ስለ ኖርዌያዊው ደራሲ ሄንሪክ ኢብሰን ሥራ ስለ «ፔር ጊንት» እንድትጽፍ ትታዘዛለች። ይህ ተውኔት ባለ ታሪኩን ከተራራ ወደ ሞሮኮ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ማዕበል ወዳናወጠው መርከብ የሚያንከራትት በመሆኑ በመድረክ ላይ ማሳየት አስቸጋሪ ነው። ጥያቄው ችግሩ እንዴት ሊፈታ እንደሚችል ሐሳብ አቅርቢ የሚል ነው። ሪታ በአንድ መስመር ብቻ ትመልሳለች፤ በሬድዮ ይቅረብ ትላለች።

ተመልካቹ እዚህ ላይ ይስቃል። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ምክንያቱም ትምህርት በሬድዮ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ነን። ባሕርም ሆነ በረሃ በድምፅ ብቻ በአእምሮ ሊታይ እንደሚችል ከልጅነታችን እናውቃለን። መልሷ ሞኝነት አይደለም። እንዲያውም ታሪክ ይደግፋታል፤ ኢብሰን «ፔር ጊንት»ን በ1867 ያሳተመው ለንባብ ብሎ ነበር፤ በመድረክ ለመታየት የቻለውም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1876 ነው።

ታዲያ ጉድለቷ ምን ላይ ነው? ምክንያቱን አለመጻፏ ነው። ፍራንክ ይህን ሲያስረዳት ወዲያው ቁጭ ብላ ታሟላዋለች፤ ኢብሰን ችግሩን እንደሚያውቅ፣ ተውኔቱን ለድምፅ እንጂ ለመድረክ እንዳላሰበው፣ በዘመኑ ሬድዮ ቢኖር ኖሮ በእሱ እንደሚያቀርበው ትጽፋለች። ሐሳቡ ያው የቀድሞው ነው፤ አሁን ግን ሌላ ሰው ሊመረምረውና ሊሟገተው የሚችል ሆኗል። ለአንድ ሥራ ያለንን ስሜት ሌላው ሰው ሊከራከርበት ወደሚችል ምክንያት መለወጥ ማለት ሂስ ማለት ነው። ደራሲው ይህን በአንድ ትዕይንት፣ ያለ አንዳች ስብከት አሳይቷል። ይህን እናደንቃለን።

በመማሪያ ክፍሎቻችን የሚደረገው ግን ብዙውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። ተማሪው ባለ አንድ መስመር መልስ ሲያመጣ፣ ከዚያ መስመር በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ ሳንጠይቅ «ያልተሟላ» ብለን ቀይ መስመር እናሰምርበታለን። ከዚያም እኛ የጻፍነውን ማስታወሻ እንዲገለብጥ እንሰጠዋለን። በሚቀጥለው ጊዜ ሙሉ ገጽ ይጽፋል፤ ከገጹ ውስጥ አንዱም መስመር ግን የሱ አይደለም።

ድምፅዋ የት ሄደ?

ይህ ወደ ተውኔቱ ዋና ግጭት ያመጣናል። ሪታ ከጉባኤው ከተመለሰች በኋላ የምትጽፈው ሁሉ የተስተካከለ ይሆናል። ስለ ዊልያም ብሌክ ግጥም የጻፈችውን ፍራንክ ሲያነብ ስሕተት አያገኝበትም፤ ነገር ግን ሪታን በውስጡ አያገኛትም። ይህንኑ ሲነግራት የምትመልሰው መልስ ተገቢ ነው፦ የራሷን ስሜት ትታ ሚዛናዊ እንድትሆን፣ የታወቁ ሐያስያንን እንድታማክር ያስተማራት እሱ ነው፤ እሷም የታዘዘችውን ፈጽማለች።

በዚህ ላይ እኛ ለሁለት ተከፈልን። ሁለታችን የፍራንክን ወገን ያዝን፤ ሪታ ሀብቷን ሰጥታ ትርፍራፊ ተቀብላለች አልን። ሁለታችን ደግሞ ፍራንክን ወቀስን። የወቀሱት ያቀረቡት ክርክር ጠንካራ ነው። ፍራንክ መጻሕፍቱን ሁሉ አንብቦ ጨርሷል፤ የሰለቸውም እሱ ነው። ሳይራብ የኖረ ሰው ለራብተኛ ስለ ጾም ጥቅም እንደ መስበኩ ያለ ነው ሐዘኑ። ሪታ ያልተማረች ሆና ብትቀር እሱን ያስደስተዋል፤ እሷ ግን ወደ ፀጉር ቤቷ ተመልሳ የምትኖረው እሷ ናት። ገጠር ውስጥ ያለ ተማሪያችን በሚጣፍጥ ባላገርኛ አነጋገሩ እንዲቀር የምንፈልገው ለሱ ነው ወይስ ለኛ ደስታ?

ክርክሩን በከፊል የፈታልን የራሳችን ገጠመኝ ነው። አንዷ ባልደረባችን ስለ ሼክስፒር «ኦቴሎ» የጽሑፍ ሥራ ታዝዘው ነበር። ከተማሩበት ተቋም የመጣው ማብራሪያ ጥራዝ ተውኔቱን ከማንበባቸው በፊት ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፦ የሥራው ጭብጥ ቅናት ነው፤ ኢያጎ ክፉ ነው፤ መሐረቡ የታማኝነት ምሳሌ ነው ይላል። እሳቸውም ይህንኑ በጥሩ እንግሊዝኛ አስፋፍተው ላኩ። ጥሩ ማርክ መጣላቸው። ከማርኩ ግርጌ ግን አራሚው አንድ ጥያቄ ጽፎበታል፦ ይህ የማን አስተያየት ነው?

ባልደረባችን ለሁለት ቀን ተናደዱ። በሦስተኛው ቀን ጥራዙን ዘግተው ተውኔቱን ብቻ አነበቡ። ከጎኑም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ» አስቀምጠው አንዳንዱን ክፍል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር። ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ገቢር አንድ ነገር አገኙ። ኢያጎ በመጀመሪያ ላይ ምንም ክስ አያቀርብም። ኦቴሎ የተናገረውን ቃል መልሶ ይደግመዋል፤ አንድ ነገር ሊናገር ይጀምርና ይተዋል፤ ተወኝ አልናገርም ይላል። ለምኖና ገፋፍቶ የሚያናግረው ኦቴሎ ራሱ ነው። «ይህን ሰው እኮ አውቀዋለሁ» አሉን። «በየመንደሩ አለ። ይቅር ምን አገባኝ እያለ ቤት የሚያፈርሰው እሱ ነው»። ሁለተኛውን ጽሑፋቸውን በዚህ ላይ መሥርተው፣ ንግግሮቹን በየቦታቸው ጠቅሰው፣ የጥራዙም ሐሳብ የት ላይ እንደሚስማማና የት ላይ እንደማይበቃ አመልክተው ጻፉ። ማርኩ ከመጀመሪያው በጥቂት ብቻ ነው የበለጠው። አሁን ግን ጽሑፉ የሳቸው ሆነ።

ከዚህ የተነሣ ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ነጥብ ላይ ደረስን። ዛሬ በእንግሊዝ አገር ያለው የ«ኤ ሌቨል» ሥነ ጽሑፍ መመዘኛ ከተማሪው የሚጠብቀው በዕውቀት የተደገፈ የግል ምላሽ ነው፤ ልዩ ልዩ ትርጓሜዎችንም እንዲያገናዝብ ይጠይቀዋል። ሁለቱ ቃላት «በዕውቀት የተደገፈ» እና «የግል» አንድ ላይ መቀመጣቸውን እናስተውል። ሪታ ስትመጣ የግል ምላሽ ነበራት፤ ዕውቀት ግን አልነበራትም። በመካከል ዕውቀት ያዘችና የግሏን ተወች። በመጨረሻ ሁለቱን ታገናኛለች። ፈተናው ላይ ያ የ«ፔር ጊንት» ጥያቄ ዳግመኛ ይመጣባታል። ያን የዱሮውን አንድ መስመር ልትጽፍ ይከጅላታል። ሆኖም ተገቢውን ሐተታ ትጽፋለች፤ ይህን ያደረገችው ግን መርጣ ነው። ትምህርቱ የሰጣት ነገር ምርጫ መሆኑን ለፍራንክ ትነግረዋለች። ፍራንክ የጠፋ የመሰለው ድምፅ አልጠፋም፤ መቼ መናገር እንዳለበት አውቋል። የመካከለኛው ዘመን፣ ተማሪ የሌሎችን ቃል የሚደግምበት ጊዜ፣ እንደ ጥፋት የሚቆጠር አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ተማሪው እዚያው እንዲቀር ሲፈረድበት ነው። ጥራዝ ፍርዱን አስቀድሞ ሲሰጥ፣ አራሚም ፍርዱን ደግሞ ለጻፈ ማርክ ሲያሸክም፣ ተማሪው እዚያው ይቀራል።

ቆጠራ አለ፣ ነገራ የለም

አሁን ወደ ተውኔቱ ጉድለት እንምጣ። «ኤጁኬቲንግ ሪታ» ስለ ርቀት ትምህርት የተጻፈ ነው፤ በውስጡ ግን ርቀት የለም። ሪታ መምህሯን የምታገኘው ክፍሉ ድረስ እየሄደች፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነው። እሷ የምታስቀው፣ የሚያከብራት፣ የሚወዳትም አንድ መምህር ለብቻዋ አላት። ከመጋረጃ ወደ መጋረጃ ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻዋን ያነበበችው ገጽ፣ ቀድዳ የጣለችው ወረቀት፣ መልስ ስትጠብቅ ያለፈው ሳምንት አይታይም። ደራሲው ርቀቱን ከመንገድ አንሥቶ በሁለት የኑሮ ደረጃዎች መካከል አስቀምጦታል፤ የሪታ ርቀት በፀጉር ቤቱና በዩኒቨርሲቲው፣ በአነጋገሯና በመጻሕፍቱ ቋንቋ መካከል ያለው ነው። ለመድረክ ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ስታነብ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ የሚያይ ተመልካች አይገኝም። ተውኔቱን አንብቦ የተልእኮ ትምህርት እንደዚህ ነው ብሎ የሚመዘገብ ሰው ግን ያዝናል።

ይህን ከሁላችን አስቀድመው ያመለከቱት ትምህርታቸውን ያቋረጡት ባልደረባችን ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የነበሩ ሰው ናቸው። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ዘረፋ ከሰማ በኋላ ለቆጠራ ይወጣል፤ ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና፣ ከዚያ እየረዘመ ይሄዳል። ይህ የብቸኝነት ሥራ ነው። ነገር ግን በዚያ አያበቃም። ተማሪው ተመልሶ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ይህ ነገራ ይባላል። መምህሩ ሰምቶ ያቀናል፣ ይነቅፋል፣ አንዳንዴም ያመሰግናል።

«የኔ የተልእኮ ትምህርት ቆጠራ ነበረው፤ ነገራ ግን አልነበረውም» አሉን። ሌሊት ተነሥተው በፋኖስ ጽፈው የላኩት ሥራ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሰ። በላዩ ላይ ቁጥር ብቻ ነበረ፤ አንድ ቃል እንኳ የለበትም። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛውን አልላኩም። እሳቸው ሰነፍ ሰው አይደሉም፤ በቅኔ ቤት ከዚህ የከበደ ብቸኝነት ለምደዋል። ያልቻሉት ሰሚ የሌለውን ብቸኝነት ነው።

እንግዲህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ሥነ ጽሑፍ ያለ አስተማሪ ይቻላል ወይ? ብቻ ማንበብና ብቻ መጻፍ ይቻላል፤ እንዲያውም ያለ እሱ ሥነ ጽሑፍ የለም። የማይቻለው ያለ ነገራ ነው። የተልእኮ ትምህርት የሚቃናውም ሆነ የሚበላሸው ተመልሶ በሚመጣው ወረቀት ኅዳግ ላይ ነው።

የተሻለ ዘፈን

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «ምን ይጠቅምሃል?» የሚለው፣ ይቀረናል። ለዚህ ተውኔቱ አንድ የማይረሳ ታሪክ አለው። ሪታ አንድ ማታ ከባሏና ከወላጆቿ ጋር መጠጥ ቤት ተቀምጣለች፤ ሁሉም የተለመደውን ዘፈን በአንድ ድምፅ ያዜማሉ። በመካከል እናቷ ታለቅሳለች። ለምን ስትባል፣ ከዚህ የተሻለ የሚዘፈን ዘፈን መኖር አለበት ብላ ነው። ሪታ ወደ ትምህርቷ የተመለሰችው ይህን ለቅሶ ሰምታ ነው።

ይህ ቦታ ይነካል፤ ግን ጥንቃቄ ይሻል። የእናቷ ዘፈን በርግጥ ያንሳል ወይ? በ1968 ናይሮቢ ላይ ሦስት መምህራን፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦውር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የእንግሊዝኛ ክፍል ተሰርዞ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ የጥናቱ ማእከል የሚሆንበት ክፍል እንዲተካ ጽፈው ነበር። የነሱ ጥያቄ ከሪታ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ቁም ነገሩ ይገለጣል፦ የሌላውን ዘፈን ስንማር የራሳችንን መናቅ አብረን እንማራለን ወይ?

ደራሲውም ይህን ያልዘነጋ ይመስለናል። ሪታ እንደ ምሳሌ ያየቻት የቤት ተጋሪዋ ትሪሽ መጻሕፍትና ሙዚቃ የሞላላት ሴት ናት፤ እሷ ግን ራሷን ለመግደል ትሞክራለች። የተሻለ የተባለው ዘፈን ለብቻው ሰውን አያድንም። እኛም በዚህ እንስማማለን። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚጠቅመን እንግሊዞች ከኛ የተሻለ ስለ ዘፈኑ አይደለም። አንድን ሥራ መመርመር በነሱ ቋንቋ የተማረ ሰው በራሱም ቋንቋ ይመረምራል። ባልደረባችን ኢያጎን ካገኙት በኋላ የመንደራቸውን ነገር ሠሪ አነጋገር በሌላ ጆሮ መስማት ጀምረዋል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮም የሼክስፒር ባለ ሁለት ፍች ቃል እንግዳ አይሆንበትም። መንገዱ ወዲህም ወዲያም ያስኬዳል።

ለመምህራንና ለተማሪዎች

ሂስ ብቻ አቅርበን እንዳንለያይ ከገጠመኛችን ያገኘነውን ጥቂት ምክር እናክላለን።

ሥነ ጽሑፍን በተልእኮ የምታጠና ተማሪ ሆይ፣ ሥራውን ሳታነብ ማብራሪያውን አትክፈት። ሥራውን አንብበህ ስትጨርስ ግማሽ ገጽ በራስህ ቃል ጻፍ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረህ በአማርኛ ጻፈው። ምን ገረመህ? ማንን ጠላህ? የት ላይ ሰለቸህ? ከዚያ በኋላ ማብራሪያውን ክፈትና ከግማሽ ገጽህ ጋር አስተያየው። የሚስማማበትንም የማይስማማበትንም ምልክት አድርግበት። ካልተስማማህ ከሥራው ውስጥ አስረጂ ፈልግ፤ አስረጂ ካጣህ ሐሳብህን ለውጥ። አማርኛ ትርጉም ያለው ሥራ ሲያጋጥምህ፣ ለምሳሌ ከበደ ሚካኤል የተረጎመው «ሮሜዎና ዡልዬት»፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብብ። ተርጓሚው የተቸገረበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሥራው ጥልቅ ቦታ ነው።

ሰሚም ፈልግ። ባልንጀራህ ሥነ ጽሑፍ ባያጠናም ታሪኩን ንገረውና የምታስበውን አስረዳው። «ከምን ተነሥተህ?» ብሎ የሚጠይቅህ አንድ ሰው ከአሥር ማብራሪያ ጥራዝ ይበልጥብሃል።

የሥራ ባልደረቦቻችን መምህራን ሆይ፣ የተማሪ ጽሑፍ ስናርም ከማርኩ ጋር ቢያንስ አንድ ጥያቄ እንጻፍ። የሚቆጣ ወይም የሚያሞግስ ቃል ማለታችን አይደለም፤ ተማሪውን ወደ መጽሐፉ የሚመልስ ጥያቄ ማለታችን ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪ ላለበት መምህር ይህ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ እኛም ከዚያው ነን። ለሁሉም በየጊዜው ባይቻል በተራ ይሁን። የባልደረባችንን ሥራ የለወጠው ጥያቄ አምስት ቃል እንኳ አይሞላም ነበር።

በመጨረሻ ወደ በሩ እንመለስ። ተውኔቱን ለሁለተኛ ጊዜ ስናነብ ያ የበር እጀታ ከመጀመሪያው ይልቅ ጎልቶ ታየን። በሩ የመምህሩ ነው፤ መበላሸቱንም እሱ ያውቃል፤ ዘይት የቀባችው ግን ተማሪዋ ናት። በተልእኮ የሚማር ሰው ዕጣ ይኸው ነው፤ በሩን ራሱ ማለስለስ አለበት። ቢሆንም ሪታ ዘይቱን ይዛ የተመለሰችው ከበሩ ወዲያ የሚሰማት ሰው መኖሩን በመጀመሪያው ቀን ስላወቀች ነው። ይህን የማወቅ ዕድል ለተማሪው መስጠት የተማሪው ግዴታ አይደለም፤ የኛ የመምህራን ነው።

እኛ አራታችን ዓርብ ማታ ማታ እየተሰበሰብን አንድ ሥራ እናነባለን፤ እያንዳንዳችን ግማሽ ገጻችንን ይዘን እንመጣለን። ያቋረጡት ባልደረባችን እስካሁን አልተመዘገቡም። ዓርብ ግን ቀርተው አያውቁም፤ ግማሽ ገጻቸውም ብዙ ጊዜ ሁለት ገጽ ነው።